ማስቲካ አልነበረም

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ
ሐሙስ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1998 ዓ.ም.

ውድ ማዕረግ፣

አቢ ደኅና ናት። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ቁጭ ብለሽ፣ ተረጋግተሽ እንድታነቢልኝ ነው። አሁን እዚሁ አጠገቤ ሶፋው ላይ ተጋድማ ካርቱን እያየች ነው። ትስቃለች፤ ስትስቅ ግን አፏን በእጇ ትሸፍናለች። የምጽፍልሽ ስለዚያ ነው።

እሁድ ማታ በስልክ «ምነው አነጋገርሽ?» ብለሽ ስትጠይቂያት «ማስቲካ አፌ ውስጥ አለ» ብላሽ ነበር። ማስቲካ አልነበረም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የዥዋዥዌ ብረት አፏን መቷት የላይኛው የፊት ጥርሷ፣ የቀኙ፣ ከነሥሩ ወልቆ ነበር። ሐኪም መልሰው ተክለውታል። አሁን በቦታው አለ፤ ከግራና ከቀኝ ካሉት ጥርሶች ጋር በቀጭን ሽቦ ታስሯል። ይጸና እንደሆነ ግን ቁርጡን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ከሰኞ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። አንደኛውን ሳታነሺው ዘጋሁት። በሁለተኛው አንስተሽ «አቤት» ስትዪ ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝና ስለ አዲስ አበባ ዝናብ ጠይቄሽ ተሰናበትኩ። ሳትገረሚ አልቀረሽም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ዝናብ ጠይቄሽ አላውቅም። በወረቀት ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው። አብሮኝ ካርጎ ክፍል የሚሠራው ጥሩሰው ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ስለሚበር መሥሪያ ቤትሽ ድረስ መጥቶ በእጅሽ ይሰጥሻል።

ልትልኪያት እንዳልፈለግሽ አውቃለሁ። «አንድ ወር ሙሉ ልጅ መጠበቅ ካርጎ እንደ መላክ አይደለም» ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ንግግር ተቀይሜ ሳምንት ያህል ሳልደውል ቀረሁ። ሐምሌ ሃያ ቀን የአየር መንገዱ ሠራተኛ እጇን ይዛ ስታወጣልኝ፣ ያንን ትልቅ ቦርሳ ተሸክማ ሳያት፣ በልቤ «አሳያታለሁ» አልኩ። አንቺን ማለቴ ነው። ለሦስት ሳምንት ተኩል ያህል ያሳየሁሽ መስሎኝ ነበር። ከሥራ በጊዜ እወጣ ነበር። ቀጭኔ አሳየኋት። ብርዱ ስለጠናባት ሹራብ ገዛሁላት። ፀጉሯን ለመጎንጎን እንኳ ሞክሬ፣ አንድ ቀን በራሷ ፈትታው አገኘኋትና ተውኩት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ምሳ ልንበላ ተክሉ ምግብ ቤት ገባን። ተክሉ የእኛ አገር ሰው ነው፤ ቤቱ ለእኛ ሰፈር ቅርብ ነው። ግቢው ውስጥ ሣር አለው፤ ሣሩ ላይ ሁለት የብረት ዥዋዥዌዎች ጎን ለጎን ተተክለዋል። የፆም በያይነቱ በላን። አቢ ፍልሰታን እንደምትፆም ነግረሽኝ ነበርና በዚያ እንኳ አልተሳሳትኩም። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ወደሚጫወቱበት ሄደች፣ እኔም አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የእንግሊዝ ኳስ ከእረፍት የተመለሰበት ሳምንት ነበር። ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ የሰው ድምፅ ይሰማል።

«አምስት ደቂቃ ብቻ፤ ከዚህ እንዳትሄጂ» አልኳትና ገባሁ።

ከተቀመጥኩበት ሆኜ አንገቴን ባዞር በመስኮቱ ዥዋዥዌው ይታየኛል። ሁለት ጊዜ አዞርኩ። ከዚያ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረና ማዞሩን ተውኩት። ማዕረግ፣ ይህን አረፍተ ነገር ለመጻፍ ነው አራት ቀን የፈጀብኝ።

የሰማሁት ጩኸት የአቢ አልነበረም። አስተናጋጇ ዘኪያ ነበረች። «ባባ አቢ! ባባ አቢ!» ትላለች። እዚህ የልጅ አባት የሚጠራው እንዲያ ነው፤ ግን እኔን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ሁለተኛው ላይ ነው። ስወጣ አቢ ሣሩ ላይ ቆማለች። አታለቅስም። ነጩ የሀበሻ ቀሚሷ ደረቱ ድረስ ደም ሆኗል። ቀና ብላ አየችኝና «ዳዲ፣ ጥርሴ» አለች፤ ልክ አንድ ዕቃ የጠፋባት ይመስል።

ከዚያ በኋላ ያለው በቅደም ተከተል አይመጣልኝም። ብዙ ሰው መጣ። ሁሉም ይናገራል። አንዷ ኬንያዊት፣ በኋላ እንደሰማሁት የሙዓለ ሕፃናት መምህር ናት፣ «ማዚዋ፣ ማዚዋ» ትላለች። ማዚዋ ወተት መሆኑን አውቃለሁ። ዘኪያ ሮጣ በብርጭቆ ወተት አመጣች። እኔ ተቀበልኳትና ለአቢ አፏ ላይ አስጠጋሁት። «ጠጪ የኔ እናት፣ ጠጪ» እላለሁ። አቢ በዚያ ሁሉ ደም ውስጥ ብርጭቆውን በእጇ መለስ አድርጋ «ፆም ነው እኮ» አለችኝ። ሴትዮዋ ብርጭቆውን ከእጄ ነጥቃ በእንግሊዝኛ ተቆጣችኝ፤ ወተቱ ለጥርሱ ነው እንጂ ለልጅቷ አይደለም አለችኝ። ለካ የወለቀ ጥርስ እንዳይሞት ወተት ውስጥ ይቀመጣል። ይህን ማን ያውቃል ብዬ ነበር፤ አንቺ ግን ሳታውቂው አትቀሪም፤ እንዲህ ያለውን ታነቢያለሽ።

ጥርሱን ሣር ውስጥ ያገኘችው ዘኪያ ናት። እኔ በሥሩ በኩል ያዝኩትና በሸሚዜ ልጠርገው ስል ሴትዮዋ እጄን መታችው። «ሥሩን አትንካ» ነው ያለችኝ። በላይኛው በኩል ይዛ ወተቱ ውስጥ ጨመረችው። ጥርስ ያን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ከሚታየው የማይታየው ይበልጣል።

መሐል ላይ አንዱ «የወተት ጥርስ ነው፤ ሌላ ይበቅላል፤ አትጨነቅ» አለኝ። ለአንድ አፍታ ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ። ቁጭ ብዬ «አቢዬ፣ የወተት ጥርስሽ ነው እንዴ?» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ትልቁ ነው። የወተቱማ አንደኛ ክፍል እያለሁ ወልቋል። በስልክ ነግሬህ ጎበዝ ብለኸኛል።»

አላስታወስኩም። በስልክ ለብዙ ነገር ጎበዝ እላለሁ።

መኪና ውስጥ ዘኪያ ሽርጧን እንደታጠቀች ከኋላ ከአቢ ጋር ተቀመጠች። በአንድ እጇ ፎጣውን አፏ ላይ ይዛላታለች፤ በሌላው እጇ ብርጭቆውን። በየጉብታው ላይ ስንዘል «ፖሌ፣ ፖሌ» ትላለች፣ አይዞሽ እንደማለት ነው፤ ለልጅቷ ይሁን ለጥርሱ አላውቅም። እኔ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እየነዳሁ ነበር። ከዚያ እሁድ የጥርስ ሐኪም አይኖርም ብዬ ዞርኩ። ከዚያ ድንገተኛ ክፍል ቢኖርስ ብዬ እንደገና ዞርኩ። በመጨረሻ መንገድ ዳር አቆምኩና «የት ልሂድ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ፓርክላንድስ። እኔ ሁለት ዓመት ያጸዳሁበት የጥርስ ክሊኒክ አለ፤ ዶክተሯ የሚኖሩት ከፎቁ ላይ ነው» አለች።

«ታዲያ ለምን ቅድም አልነገርሽኝም?»

«ሦስት ጊዜ ነገርኩህ፣ ባባ አቢ።»

አልሰማኋትም። ወደ ፓርክላንድስ ነዳሁ። መንገድ ላይ አቢ ብርጭቆውን ስታይ ቆየችና «ጥርሴ ፆም ፈታ ማለት ነው?» አለች። ዘኪያ ሳቀች። እኔ መንገዱ አልታይ አለኝ።

ክሊኒኩ ተዘግቶ ነበር። ዘበኛው አልከፍትም ሲል ዘኪያ በስዋሂሊ አንድ ነገር አለችውና ሮጦ ደወለ። ዶክተር ጆሺ የሚባሉ ሕንዳዊት አዛውንት በነጠላ ጫማ ወረዱ። ብርጭቆውን ብርሃን ላይ አንስተው አዩትና ወዲያው መጠየቅ ጀመሩ።

«ከወለቀ ስንት ደቂቃ ሆነው?»

አላወቅኩም። ኳሱ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደነበር ግን አውቅ ነበር። ዘኪያ «ሃምሳ ያህል» አለች።

«የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቷን መቼ ወሰደች?»

አላወቅኩም።

«የማይስማማት መድኃኒት አለ?»

«የለም» ልል አፌን ስከፍት አቢ እጅጌዬን ሳበችው። «ያ ሮዙ ሽሮፕ ያሳክከኛል። ማሚ ጽፋዋለች።» የት እንደጻፍሽው ጠየቅኳት። ከቦርሳዋ የጎን ኪስ ውስጥ ነው አለች። ቤት ገብቼ አየሁት። ሁለት ገጽ፣ በቁጥር፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፍሽ። ክትባቱም አለ፣ መድኃኒቱም አለ፣ ፀጉሯ እንዴት እንደሚጎነጎንም አለ። ከመጣች ጀምሮ እዚያው ነበር። አልከፈትኩትም። ያኔ ግን ዶክተሯ ልጅቷን አምነው ሌላ መድኃኒት ጻፉ።

መጨረሻ ላይ «እንዴት ተመታች?» አሉ።

እኔ መልሱን ስፈልግ አቢ በዚያ ባበጠ ከንፈሯ በእንግሊዝኛ «ዳዲ ዥዋዥዌ ላይ ሲገፋኝ ነው» አለቻቸው።

ዶክተሯ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ልጅ እንዲህ በኃይል አይገፋም» አሉኝ። እሺ አልኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ባልሠራሁት ጥፋት ስወቀስ፣ እዚያ በመሆኔ ብቻ ስወቀስ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ። ዘኪያ ወለሉን ታያለች።

አደነዘዟት፤ ጥርሱን አጥበው መለሱት። አንድ እጇን እኔ፣ ሌላውን ዘኪያ ይዘን ነበር። አንድም ጊዜ አልጮኸችም። ሽቦውን ከጨረሱ በኋላ በራጁ ላይ አሳዩኝ። ገና ዘጠኝ ዓመቷ ስለሆነ የሥሩ ጫፍ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ይህ ጥሩ ነው፣ ደም መልሶ ሊገባው ይችላል አሉኝ። ላይገባውም ይችላል። ሊጠቁር ይችላል። ሰውነቷ ሥሩን ቀስ በቀስ ሊበላው ይችላል። በወር፣ በሦስት ወር፣ በስድስት ወር፣ በዓመት ራጅ ይነሣል።

«ስለዚህ ድኗል ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ዛሬ ቦታው ላይ ነው» አሉኝ።

በሌላ አነጋገር ደግሜ ጠየቅኳቸው። ያንኑ መለሱልኝ። ሦስተኛ ስጠይቅ አቢ «ዳዲ፣ በቃ አላውቅም አሉህ እኮ» አለችኝ።

ማታ አንቺ በሰዓትሽ ደወልሽ። ስልኩን ለእኔ ትሰጠኛለች ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ አልሰጠችኝም። ስለ ማስቲካው ስትነግርሽ አጠገቧ ነበርኩ። ስልኩን ልቀበላት እችል ነበር። አልተቀበልኳትም።

ሰኞ ሥራ አልገባሁም። ኡጂ፣ የዚህ አገር አጥሚት ነው፣ ያለ ወተት ሠርቼ አቀዘቀዝኩላት። እሷ በማንኪያ እየጠጣች ሳለ «ለዶክተሯ ለምን እኔ ስገፋሽ ነው አልሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እንዳይቆጡህ።»

«እውነቱ ግን እንዴት ነበር?»

«አምስት ደቂቃው አለቀ። ልጠራህ ስመጣ የሌላዋን ልጅ ዥዋዥዌ አላየሁትም።»

ልትጠራኝ ስትመጣ ነው፣ ማዕረግ። ከዥዋዥዌው ወርዳ ወደ መስኮቱ ስትመጣ።

እሷ ቀጠለች። «ለማሚ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ወደቅኩ ነው የምንላት። እዚያ ብዙ ሰው ስላለ የአንተ ጥፋት አይሆንም። ካወቀች ሁለተኛ አትልከኝም።» ሁሉን አስባ ጨርሳዋለች። የትኛው ደረጃ እንደሆነ እንኳ መርጣለች።

«ይሄ ግን ውሸት ነው አይደል?» አልኳት።

«ትንሽ ነው። እንደ ሰላምታው ነው።»

«የቱ ሰላምታ?»

ማንኪያዋን ኡጂው ውስጥ ታዞር ጀመር። «ማሚ ሰላም ብላሃለች የምልህ። አንዳንዴ አላለችም።»

«አንዳንዴ?»

«ብዙ ጊዜ» አለች። ከዚያ እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል፣ «አንተም ብዙ ጊዜ አላልክም። እኔ ግን ብሏል እላታለሁ» አለችኝ።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ግራ እንደገባኝ ነው። ስለ ጥርሱ አይደለም። ጥርሱን ዶክተሯም አያውቁትም። እኔ የማላውቀው አንቺን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ አንቺ የማውቀው ነገር ሁሉ በዚህች ልጅ አፍ የመጣ ነው፤ የትኛው የአንቺ፣ የትኛው የእሷ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ያን ሰማያዊ ሹራቤን አጥበሽ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠሽዋል ብላኝ ነበር። እውነት ነው? የላክሁልሽን ሻርፕ ለታናሽ እህትሽ ሰርግ ለበስሽው ብላኛለች። ለበስሽው ወይ? ባለፈው ጥር ጉንፋን ይዞኝ ሳለ «ማሚ ዝንጅብል አፍልተህ ጠጣ ብላሃለች» አለችኝ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠጣሁ። አንቺ ካላልሽው ማን አለው? የስምንት ዓመት ልጅ ዝንጅብልን ከየት ታመጣዋለች? ሌሊት ብቻ ሳይሆን ቀን በጠራራውም ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ ስለዚህ አስባለሁ። ለጭነት የመጣውን የአበባ ካርቶን ቆጥሬ እንደገና እቆጥራለሁ።

በእኔ ስም ምን ምን እንዳለችሽ ደግሞ ልጠይቃት አልደፈርኩም። ከእኔ መጣ የተባለ መልካም ቃል ሰምተሽ ከነበረ፣ የእኔ ላይሆን ይችላል። ግን ልለው ይገባኝ የነበረ ነው። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ።

እባክሽ ስለ ማስቲካው እንዳትቆጪያት። እንድትዋሽ አላስተማርናትም ስንል፣ መሐላችን አቁመናት ኖረን ሌላ ምርጫ አልተውንላትም። እኔ ዝም ስል፣ አንቺም ዝም ስትዪ፣ ዝምታውን የምትሞላው እሷ ነበረች። ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ዛሬ ጠዋት ነግሬያታለሁ።

«ሁሉንም?» አለች።

«ሁሉንም።»

«የኳሱንም?»

«የኳሱንም።»

ተቆጥታ ክፍሏ ገባች። ከምሳ በፊት ስገባ ተኝታ አገኘኋት፤ ከእሁድ ወዲህ እንዲያ ያለ እንቅልፍ ስትተኛ አላየኋትም።

አሁን የምትወስኚልኝ ነገር አለ። ሽቦው የሚፈታው ከተመታች በሁለት ሳምንት፣ ነሐሴ ሃያ ስምንት ቀን ግድም ነው። የአውሮፕላን ቲኬቷ ደግሞ የከነገ ወዲያ፣ የቅዳሜው ነው። ዶክተር ጆሺ ጥርሱ ከመብረር አይከለክላትም፣ አዲስ አበባ ያለ የጥርስ ሐኪም ሊፈታው ይችላል ይላሉ። እዚሁ ቆይታ እሳቸው ቢፈቱላትም ጥሩ ነው ይላሉ። የትኛው ይሻላል ብላቸው «እናቷን ጠይቅ» አሉኝ። አቢን ስጠይቃት ሁለታችንም ከሆንን የትም ይሁን አለች፤ ይህ ደግሞ መልስ ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን አልገባኝም።

እኔ ሦስተኛ ነገር አስቤያለሁ፤ ተገቢ ይሁን አይሁን ግን አላውቅም። የዓመት ፈቃዴን አልወሰድኩም። ቅዳሜም ይሁን ሽቦው ከተፈታ በኋላ፣ ራሴ ይዣት ልምጣ። የራጁን ፊልም፣ የሐኪሟን ወረቀት፣ የትኛው ጥርስ እንዴት እንደሚጸዳ ሁሉን ይዣለሁ፤ ራሴ ባሳይሽ ይሻላል። ከአየር ማረፊያው በር ላይ ተቀብለሻት «ደኅና ሁን» ብትዪኝ ወንድሜ ጋ ሄጄ አድራለሁ፤ ቅር አይለኝም። ወይም ቅር ይለኛል፤ ግን እሄዳለሁ።

እስከዚያው ለስላሳ ምግብ ብቻ ነው የምትበላው። በፊት ጥርሷ ምንም አትነክስም። ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ አጸዳላታለሁ፤ የጻፍሽው ወረቀት ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ፀጉሯንም በቁጥር ሰባት መሠረት ጎነጎንኩት። አልፈታችውም።

ጥሩሰው ደብዳቤውን ነገ ከሰዓት በፊት ያደርስልሻል። ካነበብሽው በኋላ ደውዪልኝ። ተቆጥተሽም ቢሆን ደውዪ። መልስሽን ግን በአቢ አትላኪብኝ፤ ከአንቺው ልስማው።

አምላክ ያንቺን ልብ ያረጋጋው፣ ለልጃችንም ጥርሷን ያጽናላት። እማማን እጅ ነስቻለሁ በያቸው፤ ይህን ያልኩት በእርግጥ እኔ ነኝ።

ታዴዎስ